ሁለት አምፕሊፋየር፣ አንድ ጥንድ ስፒከር፦ ልዩነቱን የሰማው ጆሮዬ ነው ወይስ ዓይኔ?

የማታ አድማጭ

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ከወንድሜ ጋር ስከራከርበት የከረምኩትን ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ለ11 ዓመት ያገለገለኝ አምፕሊፋየር አለ፤ በቻናል 50 ዋት የሚሰጥ፣ ተራ የትራንዚስተር ዕቃ ነው። በቅርቡ በቻናል 120 ዋት የሚሰጥ አዲስ ገዛሁ። ስፒከሮቹን አልቀየርኩም፣ ከቦታቸውም አላነቃነቅኳቸውም። የምሰማውም ያንኑ በቃሌ የማውቀውን ሙዚቃ ነው። ግን ገና የመጀመሪያው ዘፈን ሳያልቅ ልዩነቱ ታወቀኝ። ቤዙ ጠንከር አለ። ድምፃዊቷ ትንፋሽ ስትስብ መስማት ጀመርኩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ድሮ ወደ ቀኝ ዘንበል ብላ ትዘፍን የነበረችው አሁን ልክ መሃል ላይ ቆመች።

ወንድሜ "አምፕሊፋየር ሁሉ አንድ ነው፤ የምትሰማው ያወጣኸውን ገንዘብ ነው" አለኝ። ተናደድኩ፣ ግን መልስ አጣሁለት። እውነት አምፕሊፋየር ከአምፕሊፋየር በድምፅ ይለያል? ይለያል የምትሉ፣ የሚለየው ምኑ ነው? አይለይም የምትሉስ፣ እኔ የሰማሁት ምንድን ነው?

ካውያ

በደስታ ተጠቀምበት። አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ሁለቱን ስታወዳድር ድምፃቸውን እኩል ያደረግከው በምንድን ነው? በጆሮህ ገምተህ ከሆነ ውድድሩ ገና አልተጀመረም።

38 ዓመት ይህን ዕቃ ስፈታና ስገጥም ኖሬያለሁ። የ1 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ልዩነት ሰውን "ጮኸ" አያሰኘውም። "ጠራ"፣ "ሞላ"፣ "ነፍስ ዘራ" ነው የሚያሰኘው፤ ሰው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ድምፁ ዝቅ ሲል ጆሯችን ለቤዝ ይደክማል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ቤዙ ከሌላው ፈጥኖ ይወጣል። ስለዚህ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚጫወተው አምፕሊፋየር ምንጊዜም "ቤዙ ጠንከር ያለ" ይመስላል። የሁለቱ ቮሊዩም እኩል ቦታ ድረስ መዞሩም ምንም አይነግርህም፤ ጌይናቸው፣ ማለትም ሲግናሉን የሚያጎሉበት መጠን፣ ይለያያልና።

ጆሮ ይፍረድ

ጋሼ ካውያ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ በዚህ አልስማማም። በ20 ዓመት ውስጥ 6 አምፕሊፋየር ቀያይሬያለሁ፤ እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ ነበረው። አንዱ ደረቅ ነው፣ አንዱ ሞቅ ያለ ነው፣ አንዱ ሙዚቀኞቹን አራርቆ ያቆማቸዋል። ይህን ሁሉ "ቮሊዩም ነው" ብሎ መዝጋት የሰውን ጆሮ መናቅ ነው።

ታሪኩም የሚመሰክረው ለጆሮ ነው። የመጀመሪያዎቹ የትራንዚስተር አምፕሊፋየሮች ሲወጡ ወረቀት ላይ ከቀደሟቸው የቲዩብ (የመስታወት ቱቦ) አምፕሊፋየሮች የተሻለ ቁጥር ነበራቸው። ሰው ግን "ይሻክራል፣ ያደክማል" እያለ ይሸሻቸው ነበር። ፊንላንዳዊው ማቲ ኦታላ እ.ኤ.አ. በ1970 ጥናቱን እስኪያሳትም ድረስ፣ ድንገት በሚመጣ ድምፅ ላይ አምፕሊፋየሩ እንደሚዛባ ብዙዎቹ መሐንዲሶች ልብ አላሉትም ነበር። መለኪያው ያላየውን ጆሮ ቀድሞ ሰምቶታል። ዛሬስ መለኪያው የማያየው ነገር የለም ብላችሁ በምን እርግጠኛ ሆናችሁ?

ኦምና ቮልት

ጆሮ ይፍረድ፣ ያነሳኸው ነጥብ ከባድ ነው፤ በቁም ነገር ልመልስልህ።

በእነዚያ አምፕሊፋየሮች ላይ የቀረበው ቅሬታ እውነት ነበር፤ ሰሚዎቹ አልተሳሳቱም። ለምሳሌ የክሮስኦቨር ዲስቶርሽንን እንውሰድ። ሲግናሉ ዜሮን ሲሻገር አንዱ ትራንዚስተር ለሌላው ያስረክባል። ባያሱ (ትራንዚስተሮቹ ሙዚቃ ሳይኖር እንኳ የሚፈስባቸው ትንሽ ጅረት) በደንብ ካልተስተካከለ በርክክቡ ላይ ሲግናሉ ይሰበራል። በሙሉ ኃይል ስትለካው ስብራቷ ከትልቁ ሲግናል አንጻር ኢምንት ስለሆነች ቁጥሩ ያምራል። ማታ ቀስ ብለህ ስትሰማ ግን ስብራቷ ከሙዚቃው ጋር ትፎካከራለች። ስለዚህ ጥፋቱ የመለኪያው አልነበረም፤ የሚለኩት በተሳሳተ ቦታ ላይ ነበር። ኦታላ ያነሳውም ችግር ዛሬ ይለካል፣ ዲዛይነሮችም ከመጀመሪያው አስበውበት ነው የሚሠሩት። ጆሮ ችግሩን ጠቆመ፣ መለኪያ ምክንያቱን አገኘ። ታሪኩን እኔ የማነበው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ሙከራዎቹ። እ.ኤ.አ. በ1978 የእንግሊዙ አምፕሊፋየር አምራች ኳድ የራሱን ሦስት አምፕሊፋየሮች (የ1953ቱን የቲዩብ ኳድ 2፣ የ1967ቱን 303፣ የ1975ቱን 405) አድማጮች የትኛው እንደሚጫወት ሳያውቁ እንዲለዩ አቀረበ፤ ሊለዩ አልቻሉም። በጃንዋሪ 1987 ስቴሪዮ ሪቪው የተባለው መጽሔት 6 አምፕሊፋየሮችን ለ25 አድማጮች አቅርቦ ያወጣው ውጤትም ከግምት ያለፈ አልነበረም። አድማጮቹ መካከል "በእርግጥ ይለያያል" ብለው የሚያምኑም ነበሩበት። የመኪና ኦዲዮ ባለሙያው ሪቻርድ ክላርክ ደግሞ ሁለት አምፕሊፋየሮችን 24 ጊዜ ሳይሳሳት ለሚለይ ሰው 10,000 ዶላር አቀረበ። ለዓመታት ብዙ ሰው ሞከረ፤ ገንዘቡን የወሰደ የለም።

ግን የክላርክን ሕግ ልብ ብላችሁ አንብቡ። ድምፃቸው እኩል ይደረጋል፤ አንዳቸውም ከአቅማቸው በላይ አይገፉም፤ ቤዝና ትሬብሉ ላይ ልዩነት ካላቸው አስቀድሞ በኢኳላይዘር ይስተካከላል። ስለዚህ "ሁሉም አምፕሊፋየር አንድ ነው" የሚለው ንግግር ከዚህ ሙከራ አይወጣም። የሚወጣው "ልዩነት ካለ ምክንያቱ ይታወቃል" የሚለው ነው። በእነዚህ በሁለቱ አባባሎች መካከል ያለው ርቀት አራምባና ቆቦ ነው፤ ያንተ ወንድምም የሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል፣ የማታ አድማጭ።

በድምፅ የሚለዩ አምፕሊፋየሮች አሉ፤ ዋናው ምክንያትም ይኸው። ስፒከር ላይ ኢምፒዳንሱ (ጅረትን የሚቃወምበት መጠን) 8 ኦም ተብሎ ቢጻፍም በየፍሪኩዌንሲው 8 ኦም ሆኖ አይቀመጥም። አንዱ ጋ 4 ይወርዳል፣ ሌላው ጋ 20 ይደርሳል። አምፕሊፋየሩም በአውትፑቱ በኩል የራሱ ኢምፒዳንስ አለው፤ ሁለቱ ቮልቴጁን ይካፈሉታል። የአምፕሊፋየሩ 0.05 ኦም ከሆነ፣ ስፒከሩ 4 ኦም ሲሆንና 20 ኦም ሲሆን የሚደርሰው ቮልቴጅ ልዩነቱ 0.1 ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። 2 ኦም ከሆነ ግን 4 ኦም ላይ 67 በመቶው፣ 20 ኦም ላይ 91 በመቶው ነው የሚደርሰው። ይህ 2.7 ዴሲቤል ነው! ኢኳላይዘር ነክቶ እንደመተው ማለት ነው፤ ማንም ይሰማዋል። ፊድባክ (ከአውትፑቱ ወደ መግቢያው ተመልሶ ስህተትን የሚያርም ሲግናል) የሌላቸው ብዙ የቲዩብ አምፕሊፋየሮች እዚህ ይመደባሉ። አንዳንድ የቀድሞ ክላስ ዲ (ትራንዚስተሮቹ በፍጥነት እየበሩና እየጠፉ የሚሠሩ) አምፕሊፋየሮችም አውትፑት ላይ ያለው ፊልተራቸው ከስፒከሩ ጋር ስለሚቀያየር ትሬብላቸው ከስፒከር ስፒከር ይለዋወጥ ነበር።

ጆሮ ይፍረድ

መልስሽን አከብራለሁ። ነገር ግን እነዚህ ሙከራዎች ራሳቸው ጆሮን ያስጨንቃሉ። ሰው ተሰብስቦ፣ ውጤት እየተጻፈ፣ ሙዚቃው በየ20 ሰከንዱ እየተቆረጠ ማን ሙዚቃ ይሰማል? የአምፕሊፋየር ጠባይ በሳምንታት ነው የሚገለጠው። እኔ የሁለተኛውን አምፕሊፋየሬን ድካም ያወቅኩት ከአንድ ወር በኋላ ነው።

ኦምና ቮልት

ሙከራው አጭር ይሁን ያለ የለም። ከፈለግክ አንዱን ለሳምንት፣ ሌላውን ለሳምንት ስማ። ግዴታው አንድ ብቻ ነው፦ የትኛው እንደሚጫወት አታውቅም። ቤትህ ያለ ሰው በጨርቅ ይሸፍንልህና ይቀያይርልህ፤ አንተ በየሳምንቱ መጨረሻ ግምትህን ጻፍ። ቶሎ ቶሎ መቀያየር የሚመከረው የድምፅ ዝርዝር ከአእምሮ በሰከንዶች ውስጥ ስለሚጠፋ ነው፤ ትንሽ ልዩነትን ለመያዝ አድማጩን ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም።

"ከመስማት ማየት ይበልጣል" እንላለን። እዚህ ጉዳይ ላይ ግን መስማቱን የሚያበላሸው ማየቱ ነው። እኔ ራሴ ሁለት አምፕሊፋየሮችን የሚያፈራርቀው ስዊች አንድ ወገን ላይ ሲሆን "ይኸው፣ ሰፋ!" ብዬ ሳበቃ፣ በዚያ በኩል ምንም ነገር እንዳልተቀየረ ያወቅኩበት ቀን አለ። የሰፋውን ድምፅ በእርግጥ ሰምቼዋለሁ፤ አልዋሸሁም። አእምሯችን ዓይን ያቀበለውን ከጆሮ ጋር ቀላቅሎ ነው የሚያሰማን።

የማታ አድማጭ

እሺ፣ ልሞክረው ነው። እኔ ግን መሐንዲስ አይደለሁም። መልቲሜትር አለኝ፣ ሽቦ መላጥ እችላለሁ፣ ከዚያ በላይ አትጠብቁብኝ። ከየት ልጀምር?

ካውያ

ያ ይበቃሃል። ተረጋግተህ ተከተለኝ።

መጀመሪያ አደጋው። ሁለት አምፕሊፋየር በአንድ ጊዜ አንድ ስፒከር ላይ መገናኘት የለባቸውም፤ አንዱ ሌላው ውስጥ ኃይል ይከትበትና አውትፑት ትራንዚስተሮቹ ይቃጠላሉ። ስለዚህ ስፒከሩን ከአንዱ ወደ ሌላው የምታዞርበት ስዊች ቀዩንም ጥቁሩንም ሽቦ የሚቆርጥ ይሁን። "ጥቁሩ ያው ግራውንድ ነው" ብለህ እንዳታገናኘው፤ ብዙ ዘመናዊ አምፕሊፋየር ላይ ጥቁሩም ሲግናል የተሸከመ ነው። ስዊቹ አንዱን ከለቀቀ በኋላ ሌላውን የሚይዝ ዓይነት መሆኑንም አረጋግጥ። አንዱ የቲዩብ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ስፒከሩ ሲነቀልበት በምትኩ 8 ኦም ሬዚስተር እንዲጫንበት አድርግ እልህ ነበር። ቲዩብ ያለ ጭነት ሲግናል ከገባበት አውትፑት ትራንስፎርመሩ አደጋ ላይ ነው።

ቀጥሎ እኩል ማድረግ። የ400 ሄርዝ ቶን (አንድ ወጥ የሙከራ ድምፅ) አጫውት። ርካሽ መልቲሜትር ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ላይ ኤሲ በትክክል አያነብም፤ 400 ላይ ግን ይሻላል። ደግሞም ለሁለቱም ያንኑ መለኪያ በዚያው ቶን ስለምትጠቀም ስህተቱ ለሁለቱም እኩል ነው። የመለኪያውን ጫፎች ስፒከሩ ተርሚናል ላይ አድርግና አሮጌውን 2.83 ቮልት ላይ አቁመው፤ በ8 ኦም 1 ዋት ማለት ነው። ከዚያ አዲሱን ወደዚያው አምጣው። ልዩነቱ ከ0.1 ዴሲቤል እንዳያልፍ ከፈለግህ ከ2.80 እስከ 2.86 ባለው ውስጥ ይሁን። ቮሊዩሙን በፀጉር ስፋት ነው የምታዞረው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። በዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰለቻል፤ የሙከራው ዋና ነገር ግን ይኸው ነው። ቤዝ፣ ትሬብል፣ ላውድነስ የሚባሉት ሁሉ ይጥፉ።

በመጨረሻ ወንድምህ ሳንቲም እየወረወረ አንዱን ይምረጥ፤ አንተ ሳታየው ገምት። 16 ጊዜ። ከ16ቱ 12 ወይም ከዚያ በላይ በግምት ብቻ የማግኘት ዕድል ከ4 በመቶ በታች ነው። 12 ካገኘህ በቁም ነገር እንነጋገራለን።

ቲዩብ በራ

የእኔን ገጠመኝ ልጨምር። ያለኝ አንድ ቲዩብ ብቻ በቻናል የሚሠራበት፣ ፊድባክ የሌለው፣ 8 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር ነው። ከአንድ ጥሩ የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ጋር እኩል አድርጌ ሳላይ ሞከርኩት፤ ከ16ቱ 15 አገኘሁ። ደስታዬን አትጠይቁኝ፤ "ይኸው፣ ቲዩብ ነፍስ አለው!" አልኩ።

ከዚያ አንድ የምተማመንበት ሰው "በትራንዚስተሩ አውትፑት ላይ 2 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ግጠምና ድገመው" አለኝ። 25 ዋት የሚችል ሬዚስተር ፈልጌ በየቻናሉ ገጠምኩ፣ ቮልቴጁን እንደገና እኩል አደረግኩ፣ እንደገና ተቀመጥኩ። 16 ጊዜ ሰማሁ። 8 አገኘሁ። ያ ሙቀት፣ ያ የድምፃዊት ቅርበት፣ ያ ሰፋ ያለ ቤዝ በትራንዚስተሩ ላይ መጥቶ ቁጭ አለ። ለብዙ ዓመት የወደድኩት ነገር በሁለት ሬዚስተሮች ሲሠራ በጆሮዬ ሰማሁ።

ቲዩቡን አልሸጥኩትም፤ ድምፁን አሁንም እወደዋለሁ። ከምን እንደሚመጣ ማወቄ ፍቅሬን አልቀነሰውም።

ኦምና ቮልት

ቲዩብ በራ፣ ያደረግከው ነገር ትልቅ ቀዳሚ አለው። ቦብ ካርቨር እ.ኤ.አ. በ1985 ከስቴሪዮፋይል መጽሔት ጋር ተወራርዶ፣ አንድ እጅግ ውድ የቲዩብ አምፕሊፋየርን ድምፅ በራሱ የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ለማስመሰል ተነሣ። የሁለቱን አውትፑት እርስ በርስ አቀናንሶ የሚተርፈውን እያዳመጠና እያጠፋ ነበር የሠራው፤ የሚተርፈው ሲያንስ ድምፁ ይበልጥ ተመሳሳይ ይሆናል። በመጨረሻ የመጽሔቱ ሰዎች ልዩነቱን ማግኘት አቃታቸው።

የማታ አድማጭ

ተመለስኩ። ያየሁትን ሁሉ ልንገራችሁ፣ ይረዝማል።

መጀመሪያ ምንም ሳልነካ፣ እስከ ዛሬ ሳወዳድርበት በነበረው የቮሊዩም ቦታ ለካሁ። አሮጌው 2.83፣ አዲሱ 3.40 ቮልት። ወደ 1.6 ዴሲቤል ማለት ነው። ጋሼ ካውያ፣ ገና መለኪያውን ሳይ አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ አዲሱን 2.84 ላይ አቆምኩት።

ወንድሜ ከጀርባዬ ሆኖ ሳንቲሙን ይወረውራል፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ። የመጀመሪያዎቹን አራት በልበ ሙሉነት መለስኩ። አምስተኛው ላይ ድምፃዊቷ ትንፋሽ ስትስብ ጥርት ብሎ ተሰማኝ፤ ያችን ትንፋሽ ያገኘኋት በአዲሱ ስለሆነ "አዲሱ!" አልኩ፤ በእርሱ እምላለሁ ባይ ነበርኩ። አሮጌው ነበር። ትንፋሿ 11 ዓመት ሙሉ እዚያው ነበረች፤ አዲስ ዕቃ ገዝቼ በጥንቃቄ መስማት ስጀምር ነው ያገኘኋት። ከዚያ በኋላ መለየት አልቻልኩም። ከ16ቱ 9።

ወንድሜ መደሰት ሲጀምር "ቆይ" አልኩትና ድምፁን በጣም ከፍ አደረግን፤ በኃይል የሚመታ ፒያኖ ያለበት ቅጂ። እዚህ ላይ ከ8ቱ 8 አገኘሁ። አሮጌው በከባዱ ምት ላይ ይሻክራል፣ ይፈርጣል።

ስለዚህ ሁለታችንም በከፊል ልክ ነን። ግን አንድ ነገር አልተፈታልኝም። ድምፃዊቷ በአሮጌው ወደ ቀኝ ትሄዳለች ብዬ ነበር፤ በሙከራው ሰዓት ግን በሁለቱም መሃል ላይ ነበረች። ትናንት ማታ አሮጌውን ብቻዬን ስከፍተው ደግሞ ወደ ቀኝ ሄዳለች። ወንድሜም ሰምቷታል። ይህስ ምንድን ነው?

ኦምና ቮልት

የፒያኖው ነገር ግልጽ ነው፤ አሮጌው ክሊፕ አድርጓል፣ ማለትም አቅሙ አልቆ የሲግናሉ ጫፍ ተቆርጧል። የሙዚቃ አማካይ ኃይል ትንሽ ቢሆንም ምቱ ከአማካዩ እስከ 20 ዴሲቤል ሊዘል ይችላል፤ 20 ዴሲቤል ማለት 100 እጥፍ ዋት ነው። 1 ዋት በአማካይ እየሰማህ ምቱ 100 ዋት ይጠይቃል፤ ያንተ አሮጌ 50 ነው ያለው። ከ50 ወደ 120 መውጣት የሚሰጥህ 3.8 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ከፍ አድርጎ ለሚሰማ ሰው ግን እነዚያ 3.8 ዴሲቤሎች ልክ በሚያስፈልጉበት ቦታ ይገኛሉ።

የድምፃዊቷን ጉዳይ ጋሼ ካውያ ቢመልሱት ይሻላል፤ የገመትኩት ነገር አለ።

ካውያ

ማታ ስትሰማ ቮሊዩሙ የት ድረስ ነው የሚዞረው? ገና ከመነሻው ትንሽ ፈቀቅ ካለ፣ በዚያው ቦታ ቶኑን አጫውትና ግራና ቀኙን ለየብቻ ለካ። መልቲሜትርህን ሚሊቮልት ላይ አድርገው።

የማታ አድማጭ

ግራው 0.075 ቮልት። ቀኙ 0.100 ቮልት።

ካውያ

ጠርጥሬ ነበር። 2.5 ዴሲቤል ግራው ዝቅ ብሏል። ቮሊዩሙ ውስጥ ለግራና ለቀኝ ሁለት የካርቦን ትራኮች በአንድ ዘንግ ላይ አሉ። መካከል ላይ አብረው ይሄዳሉ፤ መነሻቸው አካባቢ ግን፣ በተለይ ርካሽ ወይም ያረጀ ከሆነ፣ አንዱ ከሌላው ይቀድማል። ለዚህ ነው በ2.83 ቮልት መሃል የነበረችው ማታ የምትሄድብህ። ጆሮህ አልዋሸህም፤ ስህተቱ ልዩነቱን ለ"አዲሱ አምፕሊፋየር ጥራት" መስጠትህ ነበር።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ቮሊዩሙን በተሻለ ቀይረው፣ ካውያ የያዘ ሰው ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ወይ ምንም ሳትፈታ ሲግናሉን ከምንጩ፣ ከማጫወቻው ላይ ዝቅ አድርገውና የአምፕሊፋየሩን ቮሊዩም ወደ መካከል አውጣው። ማጫወቻህን ብዙ ዝቅ ስታደርግ ሽሽታ ከተሰማህ ግን ቮሊዩሙን መቀየሩ ይሻላል።

ጆሮ ይፍረድ

ይህን ሁሉ በዝምታ ሳነብ ነበር። የሳምንቱን ሙከራ ጀምሬያለሁ፤ ባለቤቴ ሁለቱንም በጨርቅ ሸፍናልኛለች፣ ቮልቴጁም ተስተካክሏል። እስካሁን አራት ሳምንት፣ ሁለቱን አግኝቻለሁ፣ ሁለቱን ስቻለሁ። ገና አልጨረስኩም፣ ሐሳቤንም ገና አልቀየርኩም። 16 ሳምንት ሲሞላ ውጤቱን እንዳለ እዚሁ እጽፋለሁ፣ ምንም ይሁን ምን።

የማታ አድማጭ

እንጠብቅሃለን፣ ወንድሜ።

ጋሼ ካውያ፣ ማጫወቻውን ዝቅ አድርጌ ቮሊዩሙን ወደ መካከል አወጣሁት። ግራው 0.099፣ ቀኙ 0.100። አሁን በአሮጌው እየሰማሁ ነው፤ ድምፃዊቷ መሃል ላይ ነች።